የአራተኛው ሩብ ዓምድ

አሰልጣኛችን ተጫዋች የሚለካው በዓይኑ ነበር፤ እኔ ደግሞ በደብተር። እሱ አስኮ ባለው የወጣት ማዕከል የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር ቆሞ «ይቺ ልጅ ትሆናለች» ሲል፣ እኔ የፕላስቲክ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ወርውራ ስንት እንዳገባች እመዘግባለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ «ትሆናለች» የሚባል ቁጥር አላውቅም። ስንከራከር እየሳቀ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይለኛል። እኔም በተረት አላንስም፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብዬ እመልስለታለሁ። ያ ደብተር አሁን እኔ ዘንድ የለም። የት እንዳለ ግን አውቃለሁ።

መስከረም ላይ አንዲት ልጅ መጣች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከሳንሱሲ በእግሯ ትመጣለች፤ እናቷ እዚያው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቀለበቱን ነክቶ የሚመለሰውን ኳስ ከሁሉም ቀድማ ከአየር ላይ የምትለቅም ልጅ ነበረች። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጽ እሰጥና ለጨዋታው አራት ሩቦች አራት ዓምድ አሰምራለሁ። የሌሎቹ ልጆች ቁጥር አራተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ይወርዳል፤ ድካም ነው፣ ማንም አያመልጠውም። የእሷ አይወርድም ነበር። ያቺን ዓምድ እወዳት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቤት ገብቼ እራቴን እስክበላ እንኳ ሳልታገስ አያታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሳምንት ቀረች። ስትመለስ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አለች፤ እኔም በገጿ ጠርዝ ላይ «ጉሮሮ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይታ ጉልበቴን አለች፤ «ጉልበት» ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቷ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ እሱንም ጻፍኩ። አሰልጣኙ ቁመት እየጨመረች ስለሆነ ነው አለ፤ አጥንት ሲረዝም ያማል ይባላል። ሁላችንም የሰማነው ነገር ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከታክሲ ስትወርድ አየኋት። ያንን መንገድ ሁልጊዜ በእግሯ ነበር የምትመጣው። ከመቼ ወዲህ ነው ባለታክሲ የሆንሽው ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ አለችና በማዕከሉ በር አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር ጀመረች። ብዙ ቆየች። ማሰሪያው ግን ቀድሞም የታሰረ ነበር። ይህንን አይቻለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ ቦታ ስላልነበረው አልጻፍኩትም።

በጥር መጨረሻ ደብተሩ ሞላ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩትና አዲስ ገዛሁ። በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን የእያንዳንዱን ተጫዋች አማካይ ገለበጥኩ። የጥርን ጨዋታዎች ገና አልደመርኳቸውም ነበርና ተውኳቸው። በኋላ እደምራቸዋለሁ አልኩ።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ክለብ ለታዳጊ ሴቶች ቡድኑ ልጅ እንደሚፈልግ ተሰማ። ክለቡ ከያዛት ትምህርቷም ኑሮዋም ይቃናል፤ እናትና ልጅ ያውቁታል፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። አሰልጣኙ ስለ ዕድገቷ ለክለቡ የሚላከውን አስተያየት እንድጽፍ ለእኔ ሰጠኝ። ደስ እያለኝ አዲሱን ደብተር ገለጥኩ፤ ያቺ የምወዳት አራተኛ ዓምድ ወድቃለች። ከአየር የምትለቅመው ኳስ ከግማሽ በታች ወርዷል። የምትወረውረው ደግሞ ወደ ጎን አይስትም፤ ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ ነው የሚወድቀው።

መልሱ ግን ራሱ መጣልኝ። ጾም ነው። ጨዋታችን ከትምህርት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ልጅቷ ቤቷ ተመልሳ እስክትበላ ውሃ እንኳ አትቀምስም። እናቷ በጾም አትደራደርም። እኔም እጾማለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዤ ስቆም ሰሌዳው እንደሚዞርብኝ አውቃለሁ። ልጅቷን ጠራኋትና ያደከመሽ ጾሙ ነው አይደል አልኳት። ዓይኗን መሬት ላይ ጣል አድርጋ «ይመስለኛል ቲቸር» አለች። አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ነው የሰጠኋት። ክፍሌ ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

አስተያየቱን ጻፍኩ። የታየው መውረድ ጊዜያዊ ነው፣ ምክንያቱ ጾም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች አልኩ። በዚያም አላቆምኩም። እስከዚያው ትንፋሿ እንዲጠነክር ከልምምድ በኋላ ሜዳውን በሩጫ ትዙር ብዬ ጨመርኩበት። አሰልጣኙ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ወደ ሜዳው እያየ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ የልጅቷ ፊት ደስ አላለኝም።»

«ፊት ቁጥር አይደለም» አልኩት።

እሱ በወረቀት ፊት ሁልጊዜ ይሸነፋል። የዚያን ቀን ባይሸነፍልኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንደተገላበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሩጫው ተጀመረ። እሷ ትዞራለች፣ እኔ ሰዓት ይዤ እጽፋለሁ። በየሳምንቱ የሚወስድባት ጊዜ ይረዝማል፤ እኔም የረዘመውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፍራለሁ። ደረቅ ሳል ጀመራት። አንዳንዴ መዞሪያው ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና ወደ እኔ ታያለች። እኔ በጣቴ ቀጥዪ እላታለሁ። አይዞሽ፣ ፋሲካ ደረሰ እላታለሁ። እሷም ትቀጥላለች፤ ታዛዥ ልጅ ነበረች።

ፋሲካ መጣ፣ ጾሙ ተፈታ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት የመጀመሪያው ጨዋታ ሲደረግ አዲስ እስክሪብቶ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ትክክል መሆኔን ለማየት። በሦስተኛው ሩብ ኳሱ እጇ ላይ እያለ ሜዳው መሃል ተቀመጠች። አልወደቀችም፤ ቤቷ በርጩማ ላይ እንደምትቀመጥ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ኳሱን አጠገቧ አኖረችው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ልጆቹ ሮጡ፣ አሰልጣኙ አቅፎ አነሳት። እኔ ለተወሰነ ጊዜ ደብተሬን እያየሁ ነበር። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነበር።

ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል አለ። ከወራት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር ወይ፣ መገጣጠሚያዋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ያብጥ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ካልታከመ ጉሮሮ የሚነሳ በሽታ ልብ ድረስ ይዘልቃልና። እናቷ ትዝ አላላትም፤ ከጾሙ ወዲህ ነው የደከመችው አለች። አሰልጣኙም ከጾሙ ወዲህ አለ። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። የታኅሣሡን «ጉሮሮ» አላነሳሁም።

ማታ ቤቴ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ጉሮሮ። ጉልበት። ቁርጭምጭሚት። ያልደመርኳቸውን የጥር ጨዋታዎች ደመርኩ፤ ለሒሳብ መምህር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ዓምዱ መውረድ የጀመረው ጾሙ ሳይገባ ነው። ጥር ላይ፣ ከታክሲ ስትወርድ ባየኋት ሰሞን። ሁሉም በእጄ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ አንዲት ነገር አልጎደለችም።

ከሆስፒታል እንደወጣች ሳንሱሲ ልጠይቃት ሄድኩ። ለቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀች ነበር፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። አልጋዋ ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ነው። መኪናው ላይ ያልተጠናቀቀ የተማሪ ዩኒፎርም እንደተሰካ ቀርቷል። እናቷ ወንበር ሰጠችኝና ስለ መጣሁ፣ ልጇንም ስለተከታተልኩላት አመሰገነችኝ። እንዳባት ነው የተከታተሏት አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

«ያስጾምኳት እኔ ነኝ። ልጄ ደከመኝ ስትለኝ ሰይጣን ነው አትስሚው አልኳት። እኔ ነኝ የጎዳኋት፣ መምህር።»

ልጅቷ ከአልጋዋ ላይ ሆና ቦርሳዬን ታየዋለች። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ ገጿን ስንት ጊዜ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ አይታዋለች። ዝም ብዬ ተነስቼ ብወጣ ማንም አያስቆመኝም ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ልወጣ ፈልጌ ነበር። ግን ያቺ ሴት ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ አጠገቤ ተቀምጣለች። የእኔን ነው የተሸከመችው።

አሮጌውን ደብተር አውጥቼ ገለጥኩላት። ታኅሣሥን በጣቴ አሳየኋት፣ ከዚያ ጥርን፣ ከዚያ ጾሙ የገባበትን ቀን። ጾሙ ሳይገባ ነው የጀመረው፣ እርስዎ አይደሉም አልኳት። መርፌ ባጠነከረው ጣቷ መስመሩን ተከትላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አንዴ ደግማ አነበበች። ትከሻዋ ዝቅ ሲል፣ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣት አየሁ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ ሁሉ ጊዜ እርስዎ ዘንድ ነበር?»

«እኔ ዘንድ ነበር» አልኳት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ሐኪሙ ይየው አለችና ደብተሩን ከቀጠሮው ካርድ ጋር አድርጋ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ይመለስልኝ አላልኩም። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ በሩ ድረስ አልሸኘችኝም።