ባለሥልጣኑ ለቅሶ ደረሰ

አልታየሽ በየማለዳው አውቶቡሷን ከማስነሳቷ በፊት ዙሪያውን አንድ ጊዜ ትዞራለች። ጎማውን ታያለች፣ መብራቱን ታያለች፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫው ወጥቶ በትክክል መግባቱን ታረጋግጣለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ከታች እስከ ላይኛው ፎቅ ወንበር ለወንበር እየሄደች የተረሳ ዕቃ ትፈልጋለች። ዝናብም ይሁን በረዶ አንዱንም አታልፍም። ቁመቷ አጭር ነው፤ ከመሪው ኋላ ስትቀመጥ ከውጭ የምትታየው ከግንባሯ በላይ ብቻ ነው። ልጇ ማህደር፣ «ማሚ ስትነዳ አውቶቡሱ ራሱን የሚነዳ ነው የሚመስለው» እያለች ትስቅባታለች።

ለንደን የገባችው ገና ወጣት ሳለች፣ በስደተኝነት ነው። ሃክኒ በሚባለው የለንደን ሰፈር ልብስ አጥባለች፣ ቢሮ አጽድታለች፣ ማህደርን ወልዳ ብቻዋን አሳድጋለች። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዱን ፈተና መጀመሪያ ወደቀች፤ ሁለተኛ ተፈትና አለፈች። ዊልስደን ሰፈር ከሚገኘው የአውቶቡስ ጋራዥ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ሌላ ሥራ አላማራትም። የሚለምናትም ሆነ እሷ የምትለምነው ሰው አልነበረም።

አገር ቤት የቀሩት እናቷ ወይዘሮ ፅዮንና ታናሽ ወንድሟ ተክለአብ ናቸው። ተክለአብ በትውልድ ከተማቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ወደ ለንደን ልውሰድህ ስትለው፣ «መጥቼ ምን ልሥራ? ያንቺን አውቶቡስ ቆሜ ልጠብቅ?» ይላት ነበር። ተማሪዎቹን ይወዳቸዋል፤ «ልጆቼ» ነው የሚላቸው።

ባለፈው ዓመት በከተማዋ አፈሳ ተጀመረ። ወጣት የተባለ ሁሉ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ እየተያዘ በመኪና ተጭኖ ወደ ወታደር ማሠልጠኛ ይሄዳል። ከተክለአብ ክፍልም ሦስት ልጆች ተወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ ስለ ልማት ለመወያየት ተብሎ ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። ተክለአብ እጁን አወጣና፣ «ከአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼ ሦስቱ ከገበያ ተይዘው ሄደዋል። የት ነው ያስገባችኋቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ስብሰባውን የመራው የዞኑ የጸጥታ ኃላፊ አቶ ዘርይሁን ነበር። ፈገግ አለና፣ «መምህር፣ አንተ የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ካርታ ላይ ፈልጋቸው» አለው። አዳራሹ ሳቀ። ከፊሉ የሳቀው ከልቡ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ሳይስቅ እንዳይታይ ፈርቶ ነው። ተክለአብን በዚያው ቀን ከቤቱ ወሰዱት።

ክስ አልተመሠረተበትም። ፍርድ ቤቱ በዋስ ይለቀቅ አለ፤ ፖሊስ አልለቀቀውም። ዳኛው ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ እኛ ዘንድ የለም አሉ፤ ወይዘሮ ፅዮን ግን ያን ዕለት ጠዋት ስንቅ አስገብታለት፣ ባዶ ሳህኑን ተቀብላ ተመልሳ ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን በእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ፖሊስ የያዘችውን ምሳ ሳይቀበላት፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሌላ የነገራት ሰው የለም።

ለንደን ላይ አልታየሽ መርዶዋን የሰማችው በወጉ ነው። ንጋት ላይ በሯ ተንኳኳ፤ ስትከፍት የለንደን ኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ሊቀ መንበር አቶ ጊዲዮን ጥቁር ለብሶ ቆሟል፣ ከኋላው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት ጮኸች።

በሁለተኛው ቀን አቶ ጊዲዮን ወደ ማድቤት ጠራት። ለብዙዎች የቤት ማመልከቻ የሞላ፣ ለብዙዎች ሆስፒታል አብሮ የሄደ ሰው ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በእነ አልታየሽ የትውልድ ከተማ ለሆቴል የሚሆን መሬት ተመርቶለት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

«አልቲ፣ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አቶ ዘርይሁን ለኢንቨስትመንት ስብሰባ እዚህ ነው ያለው። ለቅሶ ሊደርስ ይፈልጋል። ፖሊስ አልሰጥም ስላለው አስከሬንም አናግሬው እሺ ብሎኛል፤ ዛሬውኑ ይደውላል፣ ነገ ለእናትሽ ይሰጣታል።»

«በምን?»

«ምን በምን አለው? ካሜራ ፊት ሁለት ቃል ነው። ወንድሜ በድንገተኛ ሕመም ነው ያረፈው፣ መንግሥት ላደረገልን ትብብር እናመሰግናለን። በቃ።»

ማህደር የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። «ማሚ፣ ኖ። ሲርየስሊ፣ ይሄ ሰውዬ'ኮ ነው የገደለው።»

«አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛሽን ለትምህርት ቤትሽ አድርጊው» አላት አቶ ጊዲዮን። «አያትሽ እዚያ ቁጭ ብላ ሬሳ ትጠብቃለች።»

አልታየሽ እናቷ ዘንድ ደወለች። ወይዘሮ ፅዮን ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «በዪላቸው» አለች። «የሚሉሽን ሁሉ በዪላቸው። ልጄን ላሳጥበው፣ ላስገንዘው፣ ልቅበረው። እውነቱን እኔ አውቀዋለሁ።» አልታየሽ ለአቶ ጊዲዮን እሺ አለች።

አቶ ዘርይሁን ከሰዓት በኋላ መጣ። ሱፉ ጥቁር ነው፣ ጫማው ያበራል። አብሮት የመጣው ጎረምሳ ስልኩን አስቀድሞ ደግኗል። በለቅሶ ቤት ለገባ ሁሉ እንደሚደረገው ሰዉ ከወንበሩ ብድግ አለለት። አልታየሽን እጇን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ሐዘንሽ የእኛም ሐዘን ነው።» እጁ ለስላሳና ሞቃት ነበር። ጎረምሳው ስልኩን ዝቅ እስኪያደርግ ድረስ አልለቀቃትም፤ ዝቅ ሲያደርግ ወዲያው ለቀቃት። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ሙቀቱ ግን አልሄደላትም።

አጠገቧ ተቀመጠ። አንዲት ሴት፣ ማንነቱን ሳታውቅ፣ ለሁሉም እንደምታደርገው ንፍሮ በሳህን ሰጠችው። ጭኑ ላይ አድርጎ ሽንብራውን ከስንዴው እየለቀመ ይበላ ጀመር።

«እንዴት ያለ ንፍሮ ነው! ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ንፍሮ አገኛለሁ አላልኩም» አለ። ከዚያ አቶ ጊዲዮንን ስለ ሆቴሉ ጠየቀው። «ስንት ፎቅ አልከኝ? አራት? ስድስት አድርገው፣ እኔ አለሁልህ።» አቶ ጊዲዮን የሰዉን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

በዚህ መሐል አሮጊቷ እትዬ ጫልቱ ከደቡብ ለንደን፣ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። የሚያለቅሱትን አለቀሱ። ተቀምጠው ዓይናቸውን ጠረጉና አዲስ የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?»

አልታየሽ ሁለት ቀን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ «ድንገት ነው» ስትል ነበር የቆየችው፤ ጠያቂውም ይገባውና ሌላ አይጨምርም። አሁንም ይህንኑ ልትል አፏን ከፈተች። አቶ ዘርይሁን ግን ቀደማት።

«ስኳር ነበረበት እማማ» አለ፣ እያኘከ። «ስኳር ደግሞ ያውቁታል። ሐኪሞቻችን ብዙ ጣሩ።»

«ውይ! በዚህ ዕድሜው?» እትዬ ጫልቱ ደረታቸውን መቱ። «እኔም ስኳር አለብኝ። መድኃኒቱን አቋርጦ ነው?»

«ያው ነው። ራሱን አይጠብቅም ነበር።» አንድ ሽንብራ ለቀመና አፉ ውስጥ ጨመረ።

አልታየሽ ለመዋሸት ተዘጋጅታ ነበር፤ ውሸቱ ግን የእሷ እንደሚሆን፣ በእሷ አፍ አጭርና ንጹሕ ሆኖ እንደሚያልፍ ነበር ያሰበችው። ይህ ሰው ሟቹን ጥፋተኛ አድርጎ በሽንብራ ሲያወራርደው ለማየት አልተዘጋጀችም።

«ስኳር አልነበረበትም እማማ» አለች።

«አልታየሽ!» አለ አቶ ጊዲዮን።

«ጤነኛ ነበር። የታፈሱ ልጆቼ የት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ይኸ ሰውዬ፣ ይኸ አጠገቤ የተቀመጠው፣ ካርታ ላይ ፈልጋቸው ብሎ አሳቀበትና በዚያው ቀን አሳሰረው። ፍርድ ቤት ልቀቁት አለ፤ የለም አሉ። እናቴ ምሳ ይዛ ሄደች፤ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። እንዲህ ነው የሞተው።»

እትዬ ጫልቱ ሰውየውን አዩት፣ ጭኑ ላይ ያለውን ሳህን አዩ።

«ታዲያ ንፍሮውን ማን ሰጠው?» አሉ።

ማህደር መጥታ ሳህኑን ከጭኑ ላይ አነሳችው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ውጣ ማለት ነውር ስለሆነ ውጣ ያለው የለም። ራሱ ሲነሳ ግን ማንም ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰለትም። በር ላይ ደርሶ፣ «ሰው በሐዘን ብዙ ይናገራል፣ አንቀየምም» አለ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ወደ አልታየሽ ዞረ። «ለእናትሽ ግን ማሰብ ነበረብሽ።»

አቶ ጊዲዮን ተከትሎት ወጣ። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ትቶት ነው የሄደው፤ ከሐዘን ይሁን ከሆቴሉ የተነሳ፣ ያየው ሁሉ የየራሱን ገመተ።

አልታየሽ መኝታ ቤት ገብታ እናቷ ዘንድ ደወለች፤ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እፊቱ ነው ያልሽው?»

«እፊቱ።»

«አስከሬኑስ?»

«አይሰጡንም እማ።»

እናቷ ስልኩን ለጎረቤቷ ሰጠች። ጎረቤቲቱ፣ «ተኝታለች፣ ሌላ ጊዜ ደውዪ» አለች፤ ከኋላ የወይዘሮ ፅዮን ድምፅ እየተሰማ።

በማግሥቱ የዞኑ የፌስቡክ ገጽ ላይ ፎቶው ወጣ። አቶ ዘርይሁን አንገቱን ደፍቶ የአልታየሽን እጅ ይዟል። ከሥሩ፣ «ኃላፊው በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችንን አጽናኑ» ይላል። ማህደር ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ ያወጣጣችውን ስድብ ጻፈችበት፤ ወዲያው ጠፋ።

ዓርብ ዕለት የትውልድ ከተማቸው ማዘጋጃ ቤት ተክለአብን ከሌሎች ሁለት አስከሬኖች ጋር ቀበረው። የት እንደሆነ ለወይዘሮ ፅዮን አልተነገራትም።