ከእኔ በረኪና የምትገዛው መምህርት

እንጅባራ ሱቅ ከፍቼ ድንችም ከገበሬ እየገዛሁ በምሰበስብበት ጊዜ ፌስቡክ የገባሁት የድንች ዋጋ እሰማለሁ ብዬ ነው። ዋጋ ሰምቼበት አላውቅም፤ ስድብ ግን በነጻ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ወጣት መምህርት ድንች የሚያጠወልገውን በሽታ ታጠና ነበር። በረኪና የምትገዛው ከእኔ ነው። አንድ ቀን ለድንች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዘንገና ስሄድ፣ ማሳ ዳር ቆማ ቦት ጫማዋን በረኪና ያለበት ሳፋ ውስጥ ስትነክር አየኋት። ፎቶ አነሳሁና «ድንቻችንን በረኪና የምታጠጣ ዶክተር መጣችልን» ብዬ ስሜ በሌለበት ገጼ ለጠፍኩ። ለሳቅ ነበር። የገዛ ደንበኛውን የሚሰድብ ነጋዴ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሳቁ ከእጄ ወጣ። የማላውቀው ሰው ሁሉ ፎቶዋን እየተቀባበለ በሽታውን የምትዘራው ራሷ ናት አለ፤ ከዚያ ድንቹን ትቶ ሴትነቷንና እናቷን መስደብ ያዘ።

ሱቄ መጣች። እንደ ወትሮዋ ሁለት ጠርሙስ አዘዘችና ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህን ፎቶ ያነሱት እርስዎ ነዎት። ያን ቀን በማሳው ዳር ሲያልፉ አይቼዎታለሁ።»

ጥያቄ አልነበረም። እኔም አልካድኩም።

«ስድቡን ማንበብ ትቻለሁ። ገበሬው ግን ማሳ አላስገባም ብሎኛል። ድንቹ ሳይደርቅ ናሙና ካልወሰድኩ የዓመት ሥራዬ ቀረ።»

ጫማዋን ለምን እንደምትነክር የጠየቅኋት ያኔ ነው። የአንዱን ማሳ በሽታ በጭቃ ወደ ሌላው እንዳታሻግር ነው ኖሯል። እኔ በአንድ ጫማ ስንት ማሳ እንደረገጥኩ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ፎቶውን አጠፋሁት፤ እኔ ባጠፋው ሌላው ይዞታል። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብሬያት ዘንገና ሄድኩ። ከሁሉ የከረሩት ሽማግሌ አጥራቸው በር ላይ በትራቸውን አጋድመው ጠበቁን። እኒህ ሰው ሲናደዱ በአገውኛ፣ ሲያሽሟጥጡ በአማርኛ ነው የሚናገሩት። በአማርኛ ጀመሩ።

«ዛሬ ደግሞ አንተም ዶክተር ሆንክ?»

«ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። መርዝ አይደለም፤ ጫማዋን ነው የምታጥብበት። ሳልጠይቅ ቀለድኩ።»

ወደ እሷ ዞረው የለጠፈው እሱ መሆኑን ታውቂ ነበር ወይ አሏት። አውቃለሁ አለች። ታዲያ ከሦስት ማሳ ስትባረሪ ስሙን ምነው አልጠራሽ ቢሏት፣

«እርሳቸው ቢናገሩት ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ብናገር ማን ድንች ይሸጥላቸዋል?» አለች።

ሽማግሌው ወደ አገውኛ ዞሩብኝ። ያሉኝን ሁሉ አልተረጎምኩላትም። ሲጨርሱ በትሩን አነሱልን።

እኔም ጫማዬን ነክሬ፣ የናሙና ፌስታሏን ይዤ በየቦዩ ተከተልኳት። በማግስቱ ሌሎቹም አስገቧት፤ ጥናቷን በዓመቱ ጨረሰች። ስድቡ ፌስቡክ ላይ ለወራት ቀጥሎ ነበር። ባገኘሁት ቁጥር ውሸቱ የእኔ ነው እያልኩ እጽፍበት ነበር፤ እኔንም ደህና አድርገው ሰደቡኝ። ዘንገና ዛሬም ድንች የምሰበስበው እሷ ያን ጊዜ ዝም ስላለችልኝ ነው። እግዜር ይስጣት።