ከጉልበት የማትበልጥ ወይራ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቴ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መሻሬን ዘርዝሬ ስጨርስ «ሌላስ ልጄ?» ብለውኛል፤ ስንቴ «ሌላ የለም አባ» ብያለሁ። ሌላ ነበረ። ከጉልበት የማትበልጥ አንዲት ወይራ ነበረች፤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንዲት ነጭ ፍየል ነበረች። እናንተን ግን አላውቃችሁም፣ ፊታችሁንም አላይም፤ ለእናንተ የምናገረውም ለዚህ ነው። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ ዕወቁት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍኖተ ሰላም፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። በጥቁር ፕላስቲክ አፈር መሙላት፣ ዘር መክተት፣ ማጠጣት፣ ክረምት ሲገባ ለገበሬ ማደል፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ይህ ሲሆን መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ ሰዉ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል፤ ቶሎ የሚያድግ፣ ቶሎ የሚቆረጥ። የኔ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቀን ሙሉ የሚያድግ ሳሳድግ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ የማያድግ አሳድግ ነበር።

የጀመረኝ ለሥልጠና የሄድኩ ጊዜ ነው። አሠልጣኛችን ቢሮ ግድግዳው ላይ የጃፓን ካላንደር ተሰቅሏል። በየወሩ አንድ ዛፍ አለ፤ ግንዱ የተጣመመ፣ ሥሩ ያበጠ፣ መቶ ዓመት የኖረ የሚመስል ሽማግሌ ዛፍ፣ ግን የተተከለው ሳህን ላይ! «ቦንሳይ ይባላል» አለኝ። ዓይኔ እዚያው ቀረ። ስመለስ ዋንዛውንም፣ ሾላውንም፣ ጽዱንም በገንቦ ስባሪና በዘይት ቆርቆሮ መትከል ያዝኩ። ሥራቸውን እከረክማለሁ፣ ቅርንጫፋቸውን በመብራት ሽቦ እጠመዝዛለሁ። ጎረቤቱ ሳቀብኝ። «ስመኝ፣ ይኼ ዛፍሽ ጥላው ለጉንዳን ነው?» ይሉኛል። ባል ብታገባ ይሻላት ነበር የምትልም አልጠፋችም። ትበላ! እኔ ግድም አልነበረኝ።

ከሁሉ የምወደው የመጋቢትን መጨረሻ ነው። ዝናቡ ገና ነው፣ ምድሩ ደርቋል፣ ሰማዩ አቧራ ለብሷል፤ ዛፍ ግን ዝናቡን አይጠብቅም። አንድ ቀን ትነሳላችሁ፣ ትናንት ደረቅ የነበረው ጭራሮ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አውጥቷል። እንዴት እንደሚያውቅ እኔ እንጃ፤ በሥልጠናም አልነገሩኝ። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ እንበረከክና ጉንጬን መሬት ላይ አሳርፋለሁ። ያን ጊዜ ዛፎቹ ትልልቅ ይሆናሉ። ቆርቆሮው ገደል ይሆናል፣ የሾላው ሥር ኮረብታ ይሆናል፣ እኔም በመካከሉ እሄዳለሁ። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቀውም። አንዳንዴ ወፎቹ እንኳ ከዚያ ከትንሹ ጫካ የሚጮሁ ይመስለኝ ነበር። ሥራ የሚረፍድብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ጫካ አንድ ነገር ጎደለው፤ ወይራ። ከዘር ያበቀልኳት ወይራ ቀጥ ያለች እንጨት ሆነችብኝ፣ ዕድሜ የላትም። እኔ የምፈልገው ያረጀችና ያላደገች ነበር። እንዲህ ዓይነቷን ያየኋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የደብራችን ቅጥር ግቢ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጥግ ነው። ከጉልበት አትበልጥም። ግንዷ ግን እንደ አዛውንት እጅ የተቋጠረ፣ ቅጠሏ ጥቅጥቅ ያለ። አልነካትም አልኩ፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ቅዳሴው ሲቀደስ እኔ አጥሩን ነበር የማየው።

ዛፍ ከመሬት የሚነሳው ቡቃያው ሊፈነዳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሙያው እንዲህ ይላል። ስለዚህ ጠበቅሁ። ሁዳዴ ነበር፣ በጾም! አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ሰዉ ሁሉ ገበያ ወርዶ ግቢው ጭር ሲል ገባሁ። ከድንጋዩ ስር ቀስ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ሥሯን በመቀስ ቆረጥኩ፣ ስጸልይበት በነበረው ነጠላ ጠቀለልኳት። ጉድጓዱን መልሼ ደለደልኩት፤ ፍየል የበላት እንዲመስል ጥቂት ቅጠል ሸምጥጬ በተንኩበት። አያችሁ? አስቤበት ነው። እጄ አልቸኮለም። «የማንም ያልሆነች የዱር ወይራ ናት» ብዬ ነበር ለራሴ፤ የማንም ካልሆነች ቅጠሉን ለምን በተንኩ?

የማን እንደሆነች ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እማማ አትጠገብ የሚባሉ የደብራችን ሴት ነበሩ፤ ጠበል ጠጥተው የተረፋቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በፊተኛው መንግሥት ጊዜ መኳንንት የሚባል አንድ ልጃቸው ለጦርነት ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ፣ በዚያው ቀረ። አስከሬን አልመጣም። ለተሸነፈ ወታደር ደግሞ አደባባይ ወጥቶ የሚያለቅስ በዚያ ዘመን አልነበረም። ሌላው ልጁን ቀብሮ ድንጋይ ይከምራል፤ እሳቸው የሚቀብሩት ቢያጡ ወይራ ተከሉ። ለማንም አልተናገሩም። መቃብሩ ያቺው ነበረች።

ይህንን ሁሉ የነገሩኝ በባዶው ቦታ ላይ ቆመን ነው። የጠሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ «አንቺ የችግኝ ሰው ነሽ፣ ምን እንዳገኛት እስቲ እይልኝ» ብለው። ቁጭ ብዬ አፈሩን ነካካሁ፣ የሸመጠጥኩትን ቅጠል አንስቼ አገላብጬ አየሁ። እንዲያው እንዴት ያለ ሰው ነኝ? «ፍየል ነው እማማ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው የተደለደለውን አፈር በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ፍየል ነቅሎ ይበላል» አሉ፣ «ፍየል አፈር አይመልስም ስመኝ።»

ቄሱ ዘንድ ሄደው የመቃብሩን ነገር ነግረው ግዝት ይታወጅልኝ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ፤ የወሰደ እንዲመልስ፣ ያየ እንዲናገር፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ ምክንያት የሆነ እንዲወጣ፣ እስከ ሆሳዕና ያልወጣ ግን በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ። ድምፄን ዝቅ እንኳ አላደረግኩም፤ እንዲያውም ከአጠገቤ የነበረችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

የሳምንቱ ቀን ሁሉ እንደ ሰመመን አለፈ። ወይራዋ ከአልጋዬ ስር ነበረች። ልመልሳት አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን ሙያዬ ጠበቃ ሆኖ ቆመልኝ። ሥሯ ተቆርጧል፣ አሁን ብትነካ ትሞታለች፣ ትንሽ ሥር ትስደድ አልኩ። በአራተኛው ቀን ስስባት አቆጥቁጣለች! ከጨለማ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ በደል በኋላ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ጫፍ አውጥታለች። እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቀስኩ። በደስታ ነው ያለቀስኩት፤ ይኼን ልደብቃችሁ አልችልም።

ሆሳዕና ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የደብሩ ዘበኛ አያ አንለይ ከሕዝቡ መሀል ወጡ። ቆባቸውን አውልቀው «እኔ ነኝ» አሉ። ግቢው ውስጥ ጸሐይ ሲበረታ ያቺን ነጭ ፍየላቸውን አስገብተው ሣር ያስግጧት ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ፍየሏ ስትበላ አላዩም። ግን ሳያውቅ ምክንያት የሆነም ተብሏል። ግዝት ላያቸው ላይ ይዘው ከመሞት ያልሠሩትን መናዘዝ መረጡ። «የችግኝ ጣቢያዋ ልጅም ፍየል ነው ብላለች፤ የሷን ያህል የሚያውቅ የለም» አሉ፣ ወደኔ እያመለከቱ።

ሕዝቡ በሙሉ አየኝ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አዎ ማለቴ ነው።

ፍየሏን ለደብሩ ካሳ ሰጡ። ጥበቃውንም ተነጠቁ፤ የመቃብር ዛፍ ለፍየል ያበላ ተባሉ። ማኅበርተኞቻቸው እንኳ ጽዋ ሲዞር ያልፏቸው ጀመር። ክረምት ሳይገባ ቋሪት፣ ገበዘ ማርያም፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ «አይዞሽ ስመኝ፣ አንቺ ያወቅሽውን ነው የተናገርሽው» አሉኝ። የተሰደዱት እሳቸው፣ አይዞሽ የተባልኩት እኔ!

እኔማ ወይራዬን ከአልጋዬ ስር አውጥቼ ከሌሎቹ ዛፎቼ መሀል አሳደግኩ። አላሳደግኳትም ልበል እንጂ። ለክረምት እመልሳታለሁ አልኩ፣ ከዚያ ለመስቀል፣ ከዚያ ለሚመጣው መጋቢት። መጋቢት ሲመጣ ታቆጠቁጣለች፣ እኔም እቀነጥባታለሁ፣ እሷም መልከ መልካም ትሆናለች። ጠዋት ጉንጬን መሬት ላይ ሳሳርፍ ግን ጫካው እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ከወይራዋ ግንድ ኋላ አንዲት ነጭ ፍየል ቆማ ታየኛለች። ምንም አትበላም፤ ቆማ ታየኛለች።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከተማው ባጃጅ የገባበት ጊዜ ነው፤ አንዱ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመና እማማ አትጠገብን አወረደ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በሩን በእጃቸው ዳስሰው ገብተው፣ ገና ሳይቀመጡ «የማያድግ ወይራ አለሽ አሉኝ፤ እሷን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ለምን የማያድግ ፈለጉ እማማ?» አልኩ።

«የፊተኛዋንም እኮ አላሳድጋትም ነበር። ጫፏን እየቀነጠብኩ። መኳንንቴ ገና ልጅ ነበር፤ ቁመቱ ነው ያስወሰደው። መለመሉት፣ ቁመቱ ደርሷል አሉ፣ ወሰዱት። ይቺ እንኳ ትንሽ ሆና ትቅርልኝ፣ ትንሽ ከሆነች ማንም አይፈልጋትም ብዬ።»

ፍየል ያጎሳቆላት፣ ድንጋይ ያቀጨጫት መስሎኝ ነበር። ያ የተቋጠረ ግንድ፣ ያ ጥቅጥቅ ቅጠል የእናት ጣት ሥራ ነበረ። እንዳትወሰድባቸው ብለው ትንሽ አደረጓት፤ እኔ ትንሽ ስለሆነች ወሰድኳት።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እግራቸው ላይ ወደቅሁ? አልወደቅሁም። ገብቼ ወይራዋን አወጣሁና «እቺን ይውሰዱ፣ ስጦታዬ ነው» አልኩ። ስጦታዬ! እሳቸው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣታቸውን ከግንዱ ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ አንድ አንድ ቋጠሮ እየዳሰሱ ወጡ። አንዱ ቅርንጫፍ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ቅጠሉ ላይ አሳረፉ፣ እኔ በየጠዋቱ እንደማደርገው።

«እኔስ ልጄን አገኘሁ» አሉ። «አንለይን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ስረግም ኖሬያለሁ። እሱን ምን ላድርገው ስመኝ?»

ያን ጊዜ ወደቅሁ። አላነሱኝም፣ አልገፉኝምም። «አሜን ያልሽው በአፍሽ ነው፣ በአፍሽ ፍቺው። እሑድ፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ አልነግርብሽም አሉ፤ ካንቺ አፍ ካልወጣ አንለይን አያነጻውም አሉ። ወይራዋን አቅፈው በዚያው ባጃጅ ሄዱ።

እሑድ መጣ። ሄድኩ፣ ቆምኩ፣ ቅዳሴው አለቀ፣ ሰዉ ተበተነ። በሚቀጥለውም። ከዚያ ከቋሪት መርዶ መጣ፤ አያ አንለይ አርፈዋል። «አሁንማ ለማን?» አልኩ። አያችሁ፣ ሙያዬ ሲያልቅብኝ ሞት ጠበቃ ሆነልኝ። እማማ አትጠገብ ከዚያ በኋላ ሦስት መጋቢት ኖረዋል። በየእሑዱ፣ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው፣ የኔ ድምፅ ወደሚመጣበት በኩል ፊታቸውን አዙረው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀንም አልወቀሱኝም። እንደጠበቁ ሞቱ።

እማማ መልሰው ከአጥሩ ጥግ የተከሏትን ወይራ አሁን የሚቀነጥባት የለም። እኔ እጄን አላሳርፍባትም። ከኔ ቁመት በልጣለች፤ ዘንድሮ ሳያት ጫፏን ለማየት ቀና አልኩ። የቤቴን ቆርቆሮዎችና ስባሪዎችም ባዶ አድርጌያለሁ፤ ጉንጬን የማሳርፍበት ጫካ የለኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም፣ ይቅር የሚሉኝም አፈር ውስጥ ናቸው። ጅል ነበርኩ፣ ዛፍ ወዳጅ ነበርኩም አልልም። የምለው እዚያ ግቢ ቆሜ ልለው የሚገባኝን ብቻ ነው፤ ከደብራችን ሰው ይህን የሚያነብ ካለ ለሌላው ያሰማልኝ። የአያ አንለይ ፍየል ወይራ አልበላችም። እኔ ነኝ የወሰድኳት። እኔ።