የማይነቀለው ፍርግርግ

ብየዳ ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው «ብልጭታውን ያለ መነጽር እንዳታይ» የሚል ነበር። አየሁት። እናቴ ድንች ቆርጣ ዓይኔ ላይ እስክትለጥፍልኝ ድረስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሁለተኛው «የበየድከውን አንተው ራስህ መንቀል ሲያቅትህ፣ ያኔ ባለሙያ ሆነሃል» የሚል ነበር። ይኼኛውን እንኳ በደንብ ሰማሁ።

አሰላ ውስጥ የመስኮት ፍርግርግ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከኢተያና ከጢቾ ሳይቀር ይመጡብኛል። ሰው የሚፈራው ሌባ ስለሆነ ስለ ሌባ ስናወራ እንውላለን። ምን ዓይነት መጋዝ እንደሚይዝ፣ ፌሮ በስንት ደቂቃ እንደሚቆርጥ ሁሉም ያውቃል። ሌባውን በዓይኑ ያየ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

እትዬ አልማዝ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ለመኝታ ቤታቸው ወፍራም ፌሮ መርጬ፣ ዙሪያውን ከመስኮቱ ብረት ጋር በየድኩላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ በምን ይከፈታል?» አሉኝ።

«የሚከፈት ከሆነማ እትዬ፣ ሌባው ምን አደከመው?»

«እሳት ቢነሳስ?»

«ለእሱ በር አለልዎት!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ታደሰ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር።

እሳቱ የተነሳው በዓመቱ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሳሎን ውስጥ ከነበረው የኤሌክትሪክ ምድጃ መጋረጃው ተያያዘ። የቤቱ ብቸኛ በር ደግሞ በሳሎን በኩል ነው። ሱቄ እዚያው ሰፈር ስለሆነ ጩኸቱን ስሰማ ብረት መቁረጫ ግራይንደሬን ይዤ ሮጥኩ። እትዬ አልማዝ ፌሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያስላሉ። በእሳቱ የሰፈሩ መብራት ተቋርጧል፤ ግራይንደሩ ምን ሊፈይድ! መዶሻ አነሳሁ። መታሁ፣ ፈለቀቅሁ፣ ተሳደብኩ። አንድም ብየዳ አልለቀቀም። እንግዲህ ባለሙያ ሆኛለሁ።

ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ ዶማ ይዘው ደረሱ። «ዲሲ! ተወው ብረቱን!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮሁ ገፈተሩኝ። «ግድግዳው ጭቃ አይደል እንዴ?»

ከመስኮቱ ጎን ጥቂት ጊዜ በዶማ ሲሉት ተናደ። እትዬን ጎትተን አወጣናቸው። ቀኝ ክንዳቸው እስከ ጣታቸው ተቃጥሏል። ፍርግርጉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌባም ዶማ ቢይዝ ኖሮ ሊገባ ይችል እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይላሉ፤ እኔ የተማርኩት በእትዬ አልማዝ ክንድ ነው። ዛሬም አፍራለሁ።

ሆስፒታል ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ሥራህስ እንከን አይወጣለትም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤታቸው ሲታደስ ማጠፊያ ያለው፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በመቀርቀሪያ የሚከፈት ፍርግርግ ሠራሁ። በአንድ ጣቴ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ጉራው አልለቀቀኝም። እሳቸው ጠባሳ በያዘው እጃቸው ሞከሩ። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄስ በምን ይከፈታል ልጄ?»

አውርጄ ወሰድኩት። ሞረድኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ መለስኩት። አሁንም እንቢ አለ። እንደገና ወሰድኩት። በሦስተኛው በዚያው እጃቸው ከፈቱት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የማስረክበው፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ አቅመ ደካማው ከውስጥ ሲከፍተው አይቼ ነው። ካልከፈተው ሥራው አላለቀም።