የሯጯ ቁምጣና የወንድሟ ባጃጅ

ልብስ ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሯጭ ማሰልጠንም እንዲሁ። ሁለቱንም በገዛ ዓይኔ ነው የተማርኩት። መቱ ያለው ሱቄ ሰው ሲገባ ሜትር ሳላወጣ የወገቡን ልክ እናገራለሁ፤ ስቼ አላውቅም።

የዞኑን ቡድን ቁምጣ የምሰፋውም፣ የአጭር ርቀት ሯጮቹን የምመርጠውም እኔ ነበርኩ። ተስፋ የጣልኩባት አንዲት የመቱ ልጅ ነበረች፤ መቶ ሜትር ትሮጣለች። ክረምቱ አልፎ ልምምድ ስንጀምር ቁምጣዋ ከኋላ ተተረተረ። ጨርቅ ጨምሬ አሰፋሁላት። ብዙም ሳይቆይ ጭኗ ላይ ጠበባት። ፍጥነቷም ሌላ ሆነ፤ ጓደኞቿን ገና ከመነሻው ጥላቸው ትሄዳለች።

መርፌ ነው፣ አልኩ በልቤ። ጡንቻ የሚያሳብጥ መርፌ እንዳለ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ወደ ኦሮሚያው ውድድር አትሄድም፤ አስወጣታለሁ።

«ነይ እስቲ ልለካሽ» አልኳት።

«ደግሞ? ሰርግ አለብኝ እንዴ ጋሼ?»

ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አንገቷ፣ ክንዷ፣ ባቷ እንደ ድሮው ነው። የጨመረው ዳሌዋና የላይኛው ጭኗ ብቻ ነው። መርፌ እንዲህ ቦታ መርጦ ያሳብጣል? ልቤ አላረፈም። በማግስቱ ጠዋት ሳልነግራት ሰፈራቸው ሄድኩ።

ወንድሟ ባጃጁ ውስጥ መሪ ይዞ ተቀምጧል። እሷ ከኋላ ጎንበስ ብላ፣ መሬቱን በእግሯ እየቧጠጠች ትገፋለች።

«ጨምሪ! ጨምሪ!» ይላታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ባትሪው ሞቷል ጋሼ። ከክረምት ጀምሮ እሷ ካልገፋች አይነሳም። ሰሞኑን አዲስ እገዛለሁ።»

«እንዳትሞክራት!»

«ያ ረቢ! ለምን?»

«ከውድድሩ በፊት ብትቀይር ከእኔ ጋር ተጣላን።»

አጭር ርቀት የሚያስሮጠው ዳሌና ጭን እንጂ ባት እንዳልሆነ በዚህ ከተማ ቀድሞ ያወቀ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ወንድሟን ግን አላመንኩትም። በየጠዋቱ በዚያ በኩል ሳልፍ ጆሮዬን አቆም ነበር። አንድ ቀን ባጃጁ ቶሎ ተነሳብኝ። አስቁሜ ባትሪውን አሳየኝ አልኩት። አሮጌው ነው። እሷ ከኋላ ቆማ ላብዋን እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ የፈጠንኩት» አለች።

ከቡድኑ ጋር ሄደች። ቁምጣዋን ከኋላ በድርብ ክር ሰፍቼላታለሁ።