ሠላሳ ዘጠኝ ከሩብ

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ገበያው በኪሎ ይሁን ካለ ወዲህ፣ በእኛ ቆላ ቁናውን ወደ ኪሎ የሚመልስለት ያጣ ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣ ነበር። የምመልሰው ግን እኔ ነበርኩ። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው። ፊደል አላውቅም፤ ቁጥር የለየሁት ከጆንያ ላይ ነው። ሥራው አያስቸግርም። አንዱ ቁና ይህን ያህል ኪሎ ከሆነ፣ እጥፉ እጥፉን፣ ግማሹም ግማሹን ይሆናል። ባዶ ቁና በኪሎም ባዶ ነው። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልነገረኝም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝም ነበር።

ቤታችን የሰውነት ሙቀት መለኪያ ነበረን። አባቴ በጦርነቱ ጊዜ የአንድ እንግሊዝ ሐኪም ጓዝ በበቅሎው ሲያመላልስ ቆይቶ፣ ሲለያዩ ሐኪሙ በቆርቆሮ መያዣ ያለች ቀጭን ብርጭቆ ሰጠው። ብብት ውስጥ ትቆያለች፣ ከዚያ ውስጧ ያለው የብር መልክ ያለው ክር የቆመበትን ቁጥር ማንበብ ነው። እኔም አባቴም ደህና ስንሆን ዘጠና ስምንት ላይ ነበር የምትቆመው።

እናቴን ንዳድ የያዛት ክረምቱ እንደወጣ ነው። በሦስተኛው ቀን መቶ ሁለት አነበብኩ። ሸዋ ሮቢት፣ ጣሊያኖች መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ውስጥ፣ የሕክምና ድንኳን እንደነበረ እናውቃለን፤ ግን ከእኛ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን በቃሬዛ ተወስዶ፣ በር ላይ መልሰውት፣ ፀሐይ ላይ ሞቶ ነበር። ስለዚህ አባቴ አስቀድሞ ልጠይቅ አለ። ቁጥሩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አብሬው ሄድኩ።

በሩ ላይ ያገኘነው አስተርጓሚው ነው፤ ያገራችን ሰው። አባቴ የባለቤቴ ሙቀት መቶ ሁለት ደርሷል አለው። ሰውየው ሳቀ፣ ዘበኞቹንም ጠርቶ አሳቃቸው።

“መቶ ሁለት? ሚስትህን ቀቅለሃታል እንዴ?” አለው፣ ያን የሚያህል ሰው አንተ ብሎ።

ሳቁ ሲያልፍለት ነገሩን አስረዳን፤ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም። ጤነኛ ሰው ሠላሳ ሰባት ነው። አርባ ያልሞላ አይተኛም፣ ኪኒንም አይሰጠውም፤ ያለው ለመንገዱ ሠራተኞችም አልበቃ። አርባ ስትሞላ አምጣት አለው። ተመለስን። የጀውሃን ወንዝ ስንሻገር አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

“መስፈሪያቸው ሌላ ነው። አንቺ ትመልሽልኛለሽ” አለኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መቶ አራት ሆነች። አባቴ ቃሬዛውን አስሮ፣ አራት ሰው ለምኖ፣ ደጅ የግራር ጥላ ሥር አቁሟቸዋል። የሚጠብቁት እኔን ነው። እናቴ አጠገብ መሬቱ ላይ በጣቴ እየጫርኩ አሰላሁ። ዘጠና ስምንቱ ሠላሳ ሰባት ከሆነ፣ ለተረፈው ስድስት፣ ሁለት ከሩብ ይደርሰዋል። እናቴ በደረቀ ከንፈሯ፣ ልጄ እንደ ማሽላ ሰፈረችኝ ብላ ሳቀች። ተጠንቅቄ ሁለተኛ አሰላሁት። ያው መጣ።

“ሠላሳ ዘጠኝ ከሩብ” አልኩ።

“አልሞላችም?” አለ አባቴ።

“አልሞላችም።”

አርባ ብል ኖሮ አባቴ ያምነኝ ነበር። ሐሳቡ እንኳ አልመጣብኝም። በቁና ላይ እፍኝ የማትጨምር፣ እፍኝ የማታጎድል እየተባልኩ ነው የተመሰገንኩት። አባቴ ወጣ፤ ለሰዎቹ ነገ እናየዋለን ሲላቸው ሰማሁ፤ እየተነጋገሩ ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሲነጋ እኛን አታውቀንም ነበር። ያን ጊዜ ማንም ለኪ አላለኝም። ዝም ብለው አንሥተዋት ወጡ። እኔም የቆርቆሮውን መያዣ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ፤ በሩ ላይ ቢጠይቁን ብዬ። ሮቢ ወንዝ ሳንደርስ የፊተኞቹ ሁለቱ ቆሙ፣ ቃሬዛውን አወረዱት። አባቴ ፊቷን በኩታው ሸፈነ። ድንኳኑ ከቆምንበት ይታይ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን የሳይንስ መምህሩ ፋራናይትን ወደ ኬልቪን መመለስ አስተማረን። ሠላሳ ሁለት ቀንሱ፣ በአምስት አባዙ፣ ለዘጠኝ አካፍሉ፣ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ጨምሩ። መጀመሪያ መቀነሱ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። በክፍሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ ዞረው አዩኝ።

“ዜሮአቸው አንድ ቦታ ስላልሆነ ነው” አለኝ።

የፋራናይት ዜሮ ሙቀት የሌለበት አይደለም፤ የሴልሺየስም አይደለም። ዜሮው በእውነት ባዶ የሆነው የኬልቪን ብቻ ነው አለን። ልጆቹ እሱ የሰጣቸውን ቁጥር ሲሠሩ እኔ መቶ አራትን ጻፍኩ፤ የእንግሊዙ ብርጭቆ በፋራናይት ነበር። ሠላሳ ሁለት ሲነሣለት ሰባ ሁለት። ለዘጠኝ ስምንት፣ በአምስት አርባ፤ ይህ በጣሊያኖቹ መስፈሪያ፣ በሴልሺየስ ነው። ምንም አልጎደላትም፤ አርባ ሙሉ ነበረች። በኬልቪን ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት ይሆናል፤ ጤነኛው ሦስት መቶ ዐሥር ነው። ከባዶው ተነሥቶ ለሰፈረ፣ እናቴ ከእኔ የራቀችው በሦስት ብቻ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት አባቴ ለገዢ ሳይቆጥር የሚለቀው ነው።

አባቴ ያን ጊዜ አርጅቶ እኔው ቤት ነበር የሚኖረው። ከትምህርት ስመለስ ዛሬ ምን ተማርሽ ማለት ልማዱ ነው። ሌላ ነገር መናገር እችል ነበር፤ የመለኪያውን ነገርኩት። ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ ገባው።

“ከሥሩ ድንጋይ እንዳለበት ቁና በይው” አለ። “መጀመሪያ ድንጋዩን ማውጣት ነው።”

አዎ አልኩት። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ይቆጥራል መሰለኝ።

“እሷስ ስንት ነበረች?”

“አርባ።”

ስፈሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ አለ። ሊያቀልልኝ ነው የተናገረው፤ አልቀለለኝም፤ እሱም እንዳልቀለለኝ አየ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አላነሣንም።

በዚያ ዓመት ንዳዱ ሲነሣበት ብርጭቆዋን ይዤ ቀረብኩ። እጄን ቀስ አድርጎ መለሰው። ጎረቤታችን ያሉትን እትዬን ጥሩልኝ አለ፤ መጥተው በመዳፋቸው ግንባሩን ነኩ፤ እኔ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ። እስኪሞት ድረስ ሲያመው የሚጠራው እሳቸውን ነበር።