የሰይድ ፊልትሮ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ስንቱን ተራ ኃጢአት ስዘረዝርላቸው ይቺን እየዘለልኩ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ለእናንተ ልናገረውና ፍረዱኝ።

በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ኮምቦልቻ ላይ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ሰይድ የሚባል የኩታበር ሰው ነው። መድኃኒት የምታመላልሰውን ትንሽ አውሮፕላን የዘይት ፊልትሮ እንዲቀይር የታዘዘው እሱ ነበር። ዓርብ ነው፤ ጁምዓ እንዳያልፈው ሲቁነጠነጥ አየሁና ሂድ ስገድ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩት። ልማዳችን ነበር፤ እሱም በገና በጥምቀት የእኔን ይሸፍንልኛል።

አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጣት መዳበስ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ አልዳበስኩም። ለምን? ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና እንዳያመልጠኝ ነዋ። አዲሱን ከነጎማው በአሮጌው ጎማ ላይ ገጠምኩት፤ ሞተሩን አስነስቼ ያፈስ እንደሆነ እንኳ ሳላይ ሄድኩ።

አውሮፕላኗ ሰማይ ላይ ዘይቷን አፍስሳ ጨረሰችና ማሽላ ማሳ ላይ ወደቀች። ፓይለቱ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ሲገኝ ነገሩ አሻጥር ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ማን ያጣዋል? ሰይድ እውነቱን ተናገረ፤ «እኔ ጁምዓ ነበርኩ፣ የገጠመው እሱ ነው» ብሎ እኔን አሳያቸው። መርማሪዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«የትም አልሄደም፤ ራሱ ነው የገጠመው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልመታኝም፤ ፈራሁ፣ በቃ። ልጆች ነበሩኝ እንዳልል፣ እሱም ነበሩት።

ደርግ እስኪወድቅ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኝ ነበር፤ መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ።

ታሞ ሊሞት ሲል አስጠራኝ። አሁን ይሰድበኛል፣ እኔም ተናግሬ እገላገላለሁ ብዬ ሄድኩ። ሚስቱ ደግፋ አስቀመጠችው። እጄን ያዘና፣ «እስር ቤት ሆኜ ብዙ ረግሜሃለሁ፤ አውፍ በለኝ» አለኝ። ሞት የቀረበው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይቅርታ እንደሚለምን፣ እኔንም ለመነኝ።

መናገር ያን ጊዜ ነበር። ሚስቱም ትሰማ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት። እኔ፣ እሱን።